የሁለተኛው ማርሽ ጩኸት

ኅዳር 14 ቀን

ልጄ ጌታሁን ካረፈ ወዲህ ሚኒባሱ በር ላይ እንደቆመ ነው። ሚስቱና ልጁ የሚተዳደሩት በመኪናው ገቢ ስለሆነ መሥራት አለበት። ዛሬ ታናሽ ወንድሜ ወርቁ መካኒክ ይዞ መጣ። መካኒኩ መኪናውን ሊሞክር ወደ ጋፋት በኩል ወረደ።

ሲመለስ ዳገቱ ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገባና ያ ጩኸት ተሰማ። እኔም ሳላስበው ተነሥቼ የምሳ ሰሃን አወረድኩ። የልጄን መምጣት የማውቀው በዚያ ድምፅ ነበር። ሰሃኑን መልሼ ሰቀልኩት።

ጩኸቱ ከካምቢዮው ነው፣ አልቋል አሉ። ወርቁ አዲስ የቻይና ይገባ አለ።

«የቻይናው የሰርግ ጫማ ነው፣ ጋሼ ወርቁ! ከድንኳኑ አያልፍም። ያገለገለ ጃፓን ይሻላል» አለ መካኒኩ።

«ያንተ ጃፓን ከሞተ መኪና የተነቀለ አይደል እንዴ?»

ወርቁ ይህን እንዳለ ደነገጠና አቀረቀረ። «እታለም፣ አንቺው ምረጪ» አለኝ።

ሁለቱ የተስማሙበት አንድ ነገር ብቻ ነው። የትኛውም ቢገባ ጩኸቱ ይጠፋል። እነሱ ይህን የሚነግሩኝ ደስ እንዲለኝ ነው። የፈለጋችሁትን አድርጉ አልኳቸው።

መካኒኩ ሊሄድ ሲል እስከ በር ተከተልኩት። «ነገ ከመፍታትህ በፊት አንድ ጊዜ ዳገቱን ውጣልኝ» አልኩት።

«ለምን፣ እማማ? ብልሽቱን እኮ አውቄዋለሁ» አለኝ።

ግድ የለህም፣ ውጣልኝ ብቻ አልኩት።