የአባባ ኪቦርድ አልሞተም ነበር

እትዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ያ ጀርባሽን ሲይዝሽ የነበረውስ ለቀቀሽ? በጎ በጎውን ያሰማኝ። እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልጀምር ዛሬ እጄ እሺ አላለኝም።

ባለፈው ስትደውዪ «አባባ መጻፍ ሰልችቶታል፣ ተይው» ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ።

እንደምታውቂው፣ ጉሮሮው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ድምፁን ካጣ ወዲህ አንደበቱ ያ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የሚመታው ግዙፍ ኪቦርድ ነበር። ብዕር ቢይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል። የኪቦርዱ ቁልፎች ግን ጠንካሮች ስለሆኑ በደንብ ካልተጫኗቸው አይጽፉም፤ መንቀጥቀጡን ይችሉለታል። ኮምፒውተሩ ሲቃጠልበት አዲስ ገዛሁለት። አዲሱ ደግሞ የኪቦርዱ ክብ መሰኪያ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም፤ ያሉት ጠፍጣፋዎቹ የዩኤስቢ ብቻ ናቸው። ከሱቅ ክቡን መሰኪያ ወደ ጠፍጣፋ የሚቀይር ትንሽ አዳፕተር አምጥቼ የድሮ ማውሱን ብሰካው ሠራ። ኪቦርዱን ብሰካው መብራቱ እንኳ ብልጭ አላለም። ማውሱ ከሠራ አዳፕተሩ ደህና ነው፣ የሞተው ኪቦርድህ ነው አልኩትና አልጋ ሥር ከተትኩት። ከአዲሱ ጋር የመጣው ስስ ኪቦርድ ደግሞ ገና ጣቱ ሲያርፍበት አንዱን ፊደል እየደጋገመ ይደረድርበታል። ትንሽ ታገለና ተወው።

እስከዚህ ድረስ ባለማወቅ ነው። ኋላ ግን ጎረቤታችን ኮምፒውተር ጠጋኙ በስልክ ነገረኝ። ያ አዳፕተር ቅርጹን ብቻ ነው የሚቀይረው፣ አንዳንድ ማውስ ይበቃዋል፣ የአባትሽ ዓይነት የድሮ ኪቦርድ ግን ውስጡ ምልክቱን የሚተረጉም ሰርኪት ያለው መቀየሪያ ይፈልጋል፣ እኔ ጋ አለ፣ ብቅ በይና ውሰጂ አለኝ። እሺ አልኩት። አልሄድኩም።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ኮምፒውተሩ ከመቃጠሉ በፊት አባባ መጨረሻ የጻፈልኝ «ታላቅሽ ጋ ሄጄ መኖር እፈልጋለሁ» የሚል ነበር። ሥራዬን ትቼ የማጥበው፣ የማጎርሰው እኔ፤ የሚናፍቀው አንቺን! ቅናት አንጀቴን አሳረረኝ። ዝም ሲል ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቤቱ ሰላም ሆነልኝ።

ከዚያ ምግብ እምቢ አለ። አኩርፎ ነው ብዬ እኔም አኮረፍኩት። ጉንጩ አብጦ ሳየው ደንግጬ ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ለካ ጥርሱ ሥር መግል ቋጥሮ ኖሯል። ሐኪሟ «ይሄን ያህል ሲያማቸው እንዴት አልነገሩሽም?» ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤት አድርሼው በቀጥታ ጠጋኙ ጋ ሮጥኩ። መቀየሪያውን አምጥቼ ኪቦርዱን ሳገናኘው ሦስቱ መብራቶች ብልጭ አሉ። አባባ ጣቶቹን አፍታታ። መጀመሪያ የጻፈው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ሻዬ ላይ ስኳር አታብዢብኝ።» እየሳቅኩ አለቀስኩ። እግሩ ሥር ተደፍቼ የደበቅኩትን ሁሉ ነገርኩት። ራሴን ዳበሰኝና «አውቃለሁ» ብሎ ጻፈ። «ያን ቀን ጠጋኙ ሲነግርሽ ስልክሽ ጮክ ብሎ ይሰማ ነበር። የጠፋው ድምፄ እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»

ያን ሁሉ ጊዜ እያወቀ ነው እትዬ፣ ከእጄ የጎረሰው።

ቆየት ብሎ ደግሞ «ለእህትሽ እንዳትነግሪያት፤ ትቀየምሻለች» ብሎ ጻፈ።

ይኸው ነገርኩሽ። አሁን ጎን ካለው ክፍል ቁልፎቹን ሲያንጓጓ ይሰማኛል። ላንቺ ነው የሚጽፈው፤ አላየሁትም፣ አላይምም። ልብሶቹን አጥቤ ተኩሻለሁ። መጥተሽ ስትወስጂው ሻንጣውን እስከ መኪናው እኔ እሸከማለሁ።

ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥሽ። ልጆችሽን ይባርክልሽ፤ እኔን ግን አይምሰሉብሽ።

ታናሽሽ