የእትዬ መጋረጃ ጥቁር ቀሚሶች

ዛሬ የምንሸኛቸው እትዬ መጋረጃ፣ ከመንገድ ጠራጊ አባታቸውና ልብስ በማጠብ ይተዳደሩ ከነበሩት እናታቸው፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ በነበረች ባለ አንድ ክፍል ቤት የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። የመጀመሪያ ልጅ የሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ እናት ሥራ ሲውሉ የቤቱ እናት እሳቸው ነበሩ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ከጀርባቸው የወረደችው በልመና ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅባታል።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተከታተሉ በኋላ፣ የእናታቸው ወገብ አልታዘዝ ሲል ደብተራቸውን አስቀምጠው በአንድ መጋረጃ ቤት ተቀጠሩ። መጀመሪያ ጨርቅ አጣፊ፣ ቀጥሎ ጠርዝ ዘምዛሚ፣ በኋላም የራሳቸውን ሱቅ የከፈቱ ሰፊ ሆኑ። እትዬ መጋረጃ ያላቸው ሰፈሩ ነው። በሃያ ሦስት ዓመታቸው የጭነት መኪና ሾፌር ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ደግ ሰው ነበሩ፤ ችግሩ ቤት አለመገኘታቸው ነው። ልጅ የታመመ ለት፣ ጣራ ያፈሰሰ ለት፣ ሁሉም ነገር በእሳቸው ጫንቃ ነበር። እንዴት ዋሉ ሲባሉ “ደክሞኝ ዋልኩ” ነበር መልሳቸው። ሰው ቀልድ ይመስለው ነበር።

በአርባ ሰባት ዓመታቸው ባለቤታቸው በድንገት አረፉባቸው። እንደ ወጉ ጥቁር ለበሱ። ዓመት አለፈ፣ አላወለቁም። ሁለተኛው ዓመትም ተጋመሰ፣ ያው ጥቁር። ሰፈርተኛው ሐዘናቸው አልወጣላቸውም አለ። የሰፈሩ ባሎች “ታማኝነት እንዲህ ነው” እያሉ ሚስቶቻቸውን ያሽሟጥጡ ጀመር። አማታቸውም ለመጣ እንግዳ ሁሉ ምራታቸውን እያሳዩ ደረታቸውን ይነፉ ነበር።

እውነቱ ሌላ ነበር። ባለቤታቸው በሞቱ በዓመቱ ገደማ፣ አንድ ጠዋት ነጣ ያለ ቀሚሳቸው ላይ በግራ ጡታቸው በኩል የደም ነጠብጣብ አዩ። ሕመም የለው፣ እብጠት የለው፤ ሳይነኩት ከጡታቸው ጫፍ በራሱ ጠብ ይላል። ጥቁር ልብስ ላይ ደም አይታይም። ስለዚህ ሊያወልቁት የነበረውን ጥቁር ቀሚስ መልሰው ለበሱና፣ በጡት ማስያዣቸው ውስጥ ጥጥ አጥፈው እያስገቡ ሥራቸውን ቀጠሉ።

የደረሰችበት ታናሽ እህታቸው ናት። ልብስ ሊያጥቡ አብረው በተቀመጡበት የቆሸሸውን ጡት ማስያዣ አንስታ ብትጠይቃቸው፣ የጨርቅ ቀለም ነው አሏት።

“እትዬ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ቀለም ከጡት የሚወጣው?”

“ተይኝ እስቲ። ደክሞኛል። ካንሰር ነው ቢሉኝ ለመደንገጥ እንኳ አቅም የለኝም።”

እንደዚያ ሲሉ ሰምታ ዝም የምትል እህት የለችም። በማግስቱ እየተነጫነጩም ቢሆን ሐኪም ቤት ሄዱ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። ከጡት ጫፍ የሚወጣ ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ደም ሲሆን፣ ከአንድ ጡት ብቻ ሲሆን፣ ሳይጨመቅም ሲወጣ የግድ መመርመር እንዳለበት ነገረቻቸው። በራጅና በአልትራሳውንድ ሲታይ አንዱ የወተት ቱቦ ውስጥ ትንሽ ሥጋ በቅላለች። ቱቦው ወጥቶ ላቦራቶሪ መታየት ነበረበት።

እትዬ መጋረጃ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገላቸው በኋላ ባሉት ዓመታት ይህን ነገር ለስንቱ ሴት እንዳስረዱ ፈጣሪ ይቁጠረው። ሱቃቸው ውስጥ፣ በተሰቀሉት መጋረጃዎች ጀርባ፣ ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ያወሩ ነበር። ወሬው ሲዛመት መስኮት የሌለው ቤት ያላት ሴት ሳትቀር መጋረጃ ላስለካ ብላ ትመጣ ነበር። ሙሉ ማደንዘዣ ስለሚሰጥ ተኝተሽ ትነቂያለሽ፤ በጡት ጫፉ ዙሪያ ባለው ጠቆር ያለ ቆዳ ጠርዝ ይቀደዳል፤ አብዛኛዋ ሴት በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች፤ የሚሸኝሽ ሰው ግን ያዢ ይሏቸው ነበር። ቁስሉ እስኪድን ደገፍ የሚያደርግ ጡት ማስያዣ ቀንም ሌሊትም አይወልቅም፣ ከባድ ነገር አይነሳም። መበለዝ ያለ ነው፤ ቀልቶ ካበጠ፣ መግል ካመጣ ወይም ትኩሳት ከተነሳ ግን ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ክሩ ራሱ ሟሙቶ እንደሚጠፋ ሲናገሩም “እኔ እንዲህ ባለ ክር ብሰፋ ደንበኞቼ ይሰቅሉኝ ነበር” እያሉ ያስቋቸው ነበር።

የማያስቀውንም አይደብቁም። የጡት ጫፍ ሊደነዝዝ ይችላል፤ የእሳቸው ደንዝዞ ቀርቷል። ወደ ውስጥ ሊገባ፣ ቅርጹም ሊለወጥ ይችላል። ወደፊት ማጥባት የምታስብ ሴት ደግሞ ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪሟ መናገር አለባት።

የእሳቸው ውጤት ከካንሰር ነፃ ሆኖ መጣ። በዚያው ሳምንት ጥቁር ቀሚሶቻቸውን ሰብስበው ሰጡና ቢጫ ለበሱ። ጉድ ፈላ! ባል አገኘች ተባለ። አማታቸው አኮረፏቸው። የሆነውን ለሰው አስረጂ ስትላቸው ለታናሽ እህታቸው የመለሱት “ይበሉ፤ አማቴን ማስረዳት ከቀዶ ጥገናው ይብሳል” የሚል ነበር።

ዓመታት አለፉ። ባንክ ቤት የምትሠራው ልጃቸው ባገባች በዓመቷ፣ አንድ የሚያቃጥል እሑድ፣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሳ እናቷን ልትጠይቅ መጣች። በሚቀጥለውም እሑድ ጥቁር። ከልጅነቷ ጀምሮ ነጭ የምትወድ ልጅ ናት። እትዬ መጋረጃ እጇን ይዘው ሱቅ አስገቧትና በሩን ቆለፉ።

“የሞተ ሰው አልሰማሁም። ለማን ነው የለበስሽው?”

ልጅቷ ተንሰቀሰቀች። የእናቷን ታሪክ እያወቀች ከግራ ጡቷ የሚንጠባጠበውን ደም ለወራት ደብቃው ኖሯል። ፍርሃቷ ሞት አልነበረም፤ ገና ያልወለደችውን ልጅ ሳላጠባ ልቀር ነው የሚል ነበር። እናትየው አልተቆጧትም። ያኔውኑ ታክሲ ጠርተው ወደዚያችው ሐኪም ወሰዷት። ሐኪሟም እርግጠኛ ተስፋ አልሰጠችም፤ ቱቦዎቹን በሙሉ ሳይሆን ደም የሚያወጣውን አንዱን ብቻ ለማውጣት እንደምትሞክር ነገረቻት። ላቦራቶሪው ያገኘው ገና ካንሰር ያልሆነ፣ ቢቆይ ግን ሊሆን ይችል የነበረ የሕዋስ ለውጥ ነበር። ልጃቸው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ክትትል ታደርጋለች። ኋላም ወልዳ አጥብታለች፤ በቀኙ እንደ ልቧ፣ በግራው እንደ ነገሩ። እትዬ መጋረጃ ያንን ሲያዩ ያለቀሱት ልቅሶ በባለቤታቸው ቀብር ላይ እንኳ አልታየም።

ይህ ሁሉ እንዲነበብ የፈቀደችው ልጅቷ ራሷ ናት። የመጀመሪያ ወንድ ልጃቸው “ጡት” የሚለው ቃል በሕዝብ ፊት እንዳይነበብ ለምኖ ነበር። ጠብቶ ያደገ ሰው ነውና ይቻለው። እናቱም “ባደረባቸው ሕመም” ብላችሁ እንዳታድበሰብሱኝ ሲሉ አደራ ብለዋል።

እንግዲህ ሳይድበሰበስ፦ እትዬ መጋረጃ ባለፈው ዓመት ልባቸው ደም መርጨት እየተሳነው ሄደ። እግራቸው አበጠ፣ ደረጃ መውጣት አቃታቸው፣ የስፌት መኪናቸውም ተሸፈነ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ታናሽ እህታቸው ትራሳቸውን እያስተካከለች ሳለ አረፉ። ጡታቸው አልገደላቸውም። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና አሁን እሷም በጣም የደከማትን ታናሽ እህታቸውን ትተዋል። ዕድሜ ልካቸውን ማረፍ ላልቻሉት እትዬ መጋረጃ፣ ፈጣሪ ማንም የማይቀሰቅሳቸውን ዕረፍት ይስጥልን።

ዛሬ ሁላችንም ጥቁር ስለለበስን ማን ምን እንደደበቀች አይታወቅም። ሐዘኑ አልቆ ሁሉም ሲያወልቅ ግን ሳታወልቅ የቀረች ካለች፣ ባንክ ቤት የምትሠራው ልጃቸው በሯን አንኳኩታ ለማን እንደለበሰችው ትጠይቃታለች።