የሊቶሪናዋ ማርሽ

እታለም፣ አንቺንም ልጆችሽንም ፈጣሪ በጤና ያቆይልኝ።

የምነዳት ባለአንድ ፉርጎ የናፍጣ ባቡር፣ ሊቶሪናዋ፣ ማርሿ አልገባ ይላል እያልኩ በየደብዳቤው መካኒኩን ሳማው ኖሬያለሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆኖብኝ ነው። መካኒኩም «ጋሼ፣ ማርሹ እርስዎን ሲያይ ነው እንዴ የሚያኮርፈው?» ይለኛል። ማርሽ የሚቀየረው የሞተሩን ድምፅ እየተከተሉ ነው፤ እኔ ግን ወለሉ በእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ጠብቄ እቀይራለሁ።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚያነጋግረኝ የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነበር። እሱም ዝም አለኝና ላሠራው ወሰድኩት። ሰዓት ሠሪው «ምኑን ልሥራው? ደህና ይመታል» ብሎ ሳቀብኝ።

ትናንት ጠመዝማዛው ጋ ትኬት ቆራጩ ሮጦ መጥቶ ፍሬኑን ሳበው። ከፊታችን ሐዲዱ ላይ ጋሪ ተሰንቅሮ ነበር።

«ጋሼ! የሐዲድ ማቋረጫው ጠባቂ ፊሽካዋን እስኪሰነጠቅ ነፋችው እኮ!»

«ማርሹ ይዞኝ ነው» አልኩት። አፌን ያድርቀውና፣ ደግሞ ማርሹ! ከኋላዬ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። በራሴ ተናድጄ እህል አልወርድልህ አለኝ፤ ጸሎቱም እንቢ አለኝ።

ዛሬ መካኒኩን በባልደረቦቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

የሊቶሪናዋን መንጃ እጀታ ነቅሎ ለአለቃው በገዛ እጁ ያስረከበው፣

ወንድምሽ