ያደረ ዳቦ ለአባባ

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

እንዴት ነህ? ወገብህስ? ቀኑን ሙሉ ምድጃ ፊት መቆሙ አልበረታብህም? ባለቤትህስ፣ ትንሿ ልጅህስ ደህና ናቸው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን፤ እኔ ግን እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኛል። ይህችን እንኳ ስጽፍ ስንት ጊዜ ተነስቼ ተቀመጥኩ። በስልክ ያልነገርኩህ እንባ እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው።

እንደምታውቀው የሆስፒታሉ ሥራ ተሳክቶልኛል፤ ወር ሲብት ሩቅ ከተማ ሄጄ መጀመር አለብኝ። አባባ ደግሞ ጥርሳቸውን ካስነቀሉ ወዲህ ምግብ እምቢ ብለዋል። ለስላሳ ነገር ሳቀርብላቸው «ሕፃን አደረግሽኝ እንዴ?» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሱሪያቸው ወገባቸው ላይ አልቆም ሲል፣ መቼም ልብስ ሰፊ ናቸውና፣ ራሳቸው እያጠበቡ ይለብሳሉ። እማዬ ካረፈች ወዲህ እዚህ ከኔ ሌላ ማን አላቸው? እንዲህ ሆነው ጥያቸው ልሂድ? ብቀርስ ዕድሜ ልኬን አይቆጨኝም?

ለዚህ ነው ምግብ ቤታችሁ የሚሠራውን የጣልያኖች የቲማቲምና የዳቦ ሾርባ ስትነግረኝ እንደ መድኃኒት የያዝኩት። ቲማቲሙን ልጬ ከተፍኩ፤ ነጭ ሽንኩርቱን ሳላሳርር በዘይት አቁላላሁ፤ በሶብላም ጨመርኩ። «ያደረ ዳቦ» ማለትህን ሰምቻለሁ። ግን ለአባቴ ያደረ ዳቦ ላቅርብ? እጄ እምቢ አለኝ። ዳቦ ቤት ሮጬ ትኩስ ትኩሱን አመጣሁ። የወጣልኝ ሙጫ ነው! አባባ በማንኪያ አንስተው አዩትና «ይሄን ኮሌታ ብቀባው ቀጥ ብሎ ይቆማል» አሉ።

ከዚያ አሠራሩን የነገርክበትን የስልክ ድምፅ አሰሚኝ አሉኝ። ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ደፍተው ሰሙና ተቆጡ፤ «ያደረ አለሽ እኮ! የተነገራትን ልክ ትታ በገዛ ራሷ የምትቆርጥ!» አሉ። የተረፈውንም ዳቦ እንዳልነካው ራሳቸው ከድነው አሳደሩት።

በማግስቱ ከገበያ ስመለስ ወጥ ቤት ቆመው አገኘኋቸው። ልጆች ሳለን ወረቀት ስንቆርጥበት ያባርሩን የነበረውን የልብስ መቀስ አጥበው ዳቦውን ይቆርጡበታል! ላግዝ ብል በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ። ራሳቸው ያቁላሉት ቲማቲም ላይ ጨምረው፣ ውሃ አክለው፣ ዳቦው እስኪፈርስ አማሰሉት፤ አውርደውም እስኪበርድለት ጠበቁ። ከዚያ ላዩ ላይ ዘይት ጠብ ጠብ አድርገው አንድ ሳህን ብቻ አቀረቡ። «ለኔስ?» አልኳቸው። «አንቺ መንገደኛ ነሽ። እኔ ብቻዬን መብላት ልልመድ» አሉና ምንም ሳያስተርፉ በሉ።

ወንድም ዓለም፣ ልሂድ ልሂድ ስል ከርሜ፣ ሂጂ ስባል ዕቃዬን መሸከፍ አቃተኝ። ሻንጣዬ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤ አንድ ልብስ አስገባለሁ፣ ሁለት አወጣለሁ። አደራህን፣ የሄድኩ ዕለት በእራት ሰዓት ደውልላቸው።

ባለቤትህን እቅፍ አድርገህ ሰላም በልልኝ። ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ ለአማትህም ጤናቸውን እንደምመኝ ንገራቸው። አባባም እንዴት ነህ ልጄ ብለውሃል። ምን ብለሽ ጻፍሽለት ቢሉኝ፣ አንድ ሳህን ያቀረቡበት ድረስ አነበብኩላቸው። «ሁለት ሳህን አውጥቶ አንዱን መለሰው ብለሽ አስተካክይው» አሉኝ።

እህትህ
ከአባባ ቤት፣ ሰኔ 12 ቀን