የእናቴ ግድግዳ እና ባለ ዘጠኝ ነጥቡ ምክራችሁ

ለቀጠና ሦስት የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ጥንቃቄ ኮሚቴ
ለተከበሩ ሰብሳቢ
ባምባሲ

ጉዳዩ፦ ምክራችሁን ተቀብለን በጥንቃቄ እየኖርን መሆኑን ስለማሳወቅ

የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ ለኮሚቴው አባላትም ብርታት እየተመኘሁ፣ ዝናብ ለማይገባበት ቢሮዎ ልዩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛም ሰማዩ ጥርት ባለ ሰዓት እጅግ ደህና ነን። ሲደምን ያለንበትን ሁኔታ በተራ ቁጥር እንዳስረዳዎት ጥቂት ጊዜዎን እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በልብስ ስፌት የምተዳደር፣ ወላጆቼ በሠፈራው ዘመን ከወሎ መጥተው እዚሁ የወለዱኝ ነዋሪ ነኝ። የምኖረው ዓይኗ ከጠፋ ስድስት ዓመት ከሆናት እናቴ ጋር ነው። እናቴ ከአልጋዋ እስከ በሩ ያለውን አሥራ አንድ እርምጃ የምትሄደው በቀኝ እጇ ግድግዳውን እየዳበሰች ሲሆን፣ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆም ብላ ንፋሱን ታዳምጣለች። ይህን አስቀድሜ የነገርኩዎ ያለዚህ ቀሪው አቤቱታዬ የቅንጦት ሊመስልዎ ስለሚችል ነው።

አንደኛ፣ ስለ በራሪ ወረቀቱ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በሚያዝያ ወር በላስቲክ ተለብጦ ለየቤቱ የታደለው ባለ ዘጠኝ ነጥብ ምክር፣ ያለ ሽንገላ ለመናገር፣ ጥሩ ምክር ነው። ለመብራት አንድ ነጥብ አምስት፣ ለሶኬት ሁለት ነጥብ አምስት ገመድ ተጠቀሙ ይላል፤ በአንድ ሶኬት ላይ ምድጃና ካውያ አትደራርቡ ይላል፤ የተላጠ ገመድ በናስትሮ ጠቅልላችሁ አትተዉ፣ በእርጥብ እጅ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ ይላል። ቁጭ ብዬ ለእናቴ አነበብኩላት። እሷም ስለ እርጥብ እጅ የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ሁለተኛ፣ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ ገመድ ሁሉ በቱቦ ውስጥ ይለፍ የሚለውን አራተኛውን ነጥብ በሙሉ ልባችን ለመፈጸም ተነሣን። ቱቦው ግን በባምባሲ ሱቆች አልነበረም፤ አሶሳ ድረስ ስናስጠይቅም ሰኞ ይገባል ተባልን፣ የትኛው ሰኞ እንደሆነ ግን የነገረን የለም። ራዲዮ ሲጠግን ኖሮ ቀስ በቀስ የሠፈሩ ኤሌክትሪሻን የሆነው ሁንዴሳ ታዲያ ቱቦ ባይኖር ቀርከሃ አለ አለን። የእኛ አገር ቀርከሃ ልቡ ድፍን መሆኑ ለእርስዎ አይነገርም። ስለዚህ ቁመቱን ሰንጥቀን፣ ልቡን በመሮ ፈልፍለን፣ ገመዱን በመካከሉ አስተኝተን፣ ሁለቱን ግማሽ መልሰን በመግጠም አጥር እንደምናስረው አድርገን በቀጭን የብረት ሽቦ ጥርቅም አድርገን አሰርነው። በላዩ ላይ ጭቃውን የመረገችው እናቴ ናት። ቤቱን ጥንትም የመረገችው እሷ ስለሆነች፣ ዓይን ባይኖራትም ከእሷ እጅ የተሻለ የሚያለሰልስ በሠፈሩ አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ኮሚቴው በግንቦት መጀመሪያ ለጉብኝት መጥቶ ይህንኑ ሥራችንን በአካባቢ ቁሳቁስ የተከናወነ አርአያ ብሎ ስላመሰገነን እንደገና አመሰግናለሁ። ፎቶ ሲነሣ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ በግድግዳው አጠገብ ቆማ ነበር። ከተከበሩት ጎብኚዎች መካከል ማሰሪያው ከምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ እኛም የሚጠየቅ ነገር መሆኑን አናውቅም ነበር። ቀርከሃው ለጋ ስለነበር ሲደርቅ ተጣሞ መጋጠሚያው ተከፈተ፤ ክረምቱ ገብቶ ግድግዳው ውኃ ሲጠጣ ደግሞ መልሶ አበጠ። የብረቱ ሽቦ አያብጥም፤ በተከፈተው መጋጠሚያ ሰርጎ የገመዱን ልባስ በልቶ መዳቡ ድረስ ገባ። ወደ መሬት የሚቀበረው ኧርዝ የሚባለው መስመር፣ ነጥብ ስድስት ላይ በደንብ ተብራርቶ ያለው ማለቴ ነው፣ በእኛ ቤት ስላልነበረ ኤሌክትሪኩ መሄጃ አጥቶ እርጥቡ ጭቃ ውስጥ ተቀመጠ።

ይህንን ያወቅነው በሰኔ አሥራ አራት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ በመኪናዬ ላይ ጎንበስ ብዬ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋሁ ሳለ እናቴ ከውስጥ ጠራችኝ። "ልጄ፣ ግድግዳው ነከሰኝ" አለችኝ። ድምፅዋ እንደ ማፈር ያለ ነበር፤ በሠራችው ምርጊት ላይ ያጠፋችው ነገር ያለ መስሏት ነው። መዳፏ ላይ ትንሽ ቃጠሎ አለ፤ ሁለት ጣቶቿም እስከ ዛሬ አይታጠፉም። ሁንዴሳ ከዚያ ቀን ወዲህ ገመድ የሚባል ነገር አልነካም፤ በየእሑዱ መጥቶ ከበሩ ውጪ ቁጭ ብሎ ይሄዳል።

አራተኛ፣ ታዲያ ለምን አታጠፉትም ብለው እንደሚጠይቁ አውቃለሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ቆጣሪው ያለው በጎረቤቴ በነዕማ ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ የራሳችንን ቆጣሪ ጠይቀን ተራችንን የምንጠብቅ ሦስት ቤቶች ከእሷ ላይ ተቀጥለን እንኖራለን። ኮሚቴው በዚያው የምስጋና ጉብኝት ይህን ጥፋት ደርሶበት፣ ነገሩ በባለሙያ እስኪጣራ ድረስ ሣጥኑን በእርሳስ ማኅተም አሸገው። ወደ ሦስታችን ቤት የሚሄደው መስመር ማጥፊያ ያለው በዚያው ሣጥን ውስጥ ነው፤ የታሸገውም ወደ ላይ እንደተነሣ፣ እንደበራ ነው። እንግዲህ ኤሌክትሪኩ በኮሚቴው ማኅተም ተጠብቆ ሌት ተቀን ይገባል፣ እኛም እንዳናስቆመው በነጥብ ስምንት ተከልክለናል። ማኅተም የሰበረ መስመሩ ከነተቀጣዮቹ ይቆረጥበታል ይላልና።

ፒንሳ ይዤ ሣጥኑ ፊት ሦስት ጊዜ ቆሜያለሁ። ከቤቴ ኋላ የሚኖረው የዲሳሳ የስኳር መድኃኒት የሚቀመጠው በነዕማ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ የእሷ መስመር ቢቆረጥ መድኃኒቱ ይበላሻል። ወደ ዲሳሳ ቤት የሚሄደው ገመድም በእኔው ግድግዳ፣ በዚያው ቀርከሃ ውስጥ የሚያልፍ ስለሆነ ከቤቴ ብቻ ልቁረጠው ብል አልችልም፤ ነጥብ ዘጠኝም ኤሌክትሪክ ያለበትን ገመድ ከባለሙያ በቀር ማንም አይንካ ይላል። ነጥብ ዘጠኝ እውነቱን ነው፤ እናቴ ምስክር ናት።

ስለ ባለሙያው ሁለት ማመልከቻ በጽሑፍ፣ ሁለት ደግሞ በአካል አቅርቤያለሁ። በመጀመሪያ ከአሶሳ እየመጣ ነው ተባልኩ። ከዚያ ሸርቆሌ ለሥራ ወጥቷል ተባልኩ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ማንቡክ ነው አሉኝ። በጠየቅኩ ቁጥር ከእኔ ይበልጥ እየራቀ የሚሄድን ሰው እንዴት እንደምጠብቅ አላውቅም። አልተቆጣሁም፤ ለመቆጣት የሚያስፈልገው ጉልበት አልቆብኝ ነው።

አምስተኛ፣ አሁን የምንኖርበትን ጥንቃቄ ላስረዳ። ሰማዩ ሲጠቁር ነዕማ በአጥሩ ላይ "ዝናብ መጣ፣ እማማን አምጣ" ብላ ትጣራለች። አፏን የፈታችው በበርታ ቋንቋ ስለሆነ እኔን እንደ ወንድ ስትጠራኝ ሃያ ዓመት ሆነ፤ አርሜያት አላውቅም፤ ከእንግዲህም አላርማትም። እኔ የያዝኩትን ጥዬ እናቴን በክንዷ ይዤ ወደ ነዕማ የብሎኬት ቤት እወስዳታለሁ። እዚያ ባስቀመጥኳት ወንበር ላይ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስኪያባራ ትቀመጣለች። ያንን ግድግዳ እጇ አያውቀውም፤ ስለዚህ ለመንቀሳቀስ አትሞክርም። ከዝናቡ በኋላም የእኛ ግድግዳ እስኪደርቅ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ በዚህ ክረምት ደግሞ ተከታትሎ ሦስት ቀን ያልዘነበበትን ጊዜ አላስታውስም። ስትመለስ ታዲያ በቤቱ መካከል፣ ምንም ሳትነካ፣ ስሜን እየጠራች ነው የምትራመደው። እኔ ገበያ ከሄድኩ የምትጠራው ሰው የለም። እፈራለሁ፣ የተከበሩ ሰብሳቢ። ገበያ መካከል ቆሜ ደመና ባየሁ ቁጥር እፈራለሁ።

የምጠይቀው አዲስ ቆጣሪ አይደለም፤ ቱቦውም ሰኞ እስኪገባ ይቆይ። የምለምነው ማኅተም የመፍታት ሥልጣን ያለው አንድ ሰው መጥቶ ሣጥኑን እንዲከፍትልንና፣ ግድግዳው እርጥብ በሆነ ሰዓት ማጥፊያውን በአንድ ጣት ወደ ታች እንድናደርግ እንዲፈቅድልን ብቻ ነው። ኮሚቴው ጣት የሚያጥረው ከሆነ የእናቴ የማይታጠፉት ሁለቱ ለዚህ ሥራ ይበቃሉ።

ላሳዩን ጥንቃቄ ሁሉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እያመሰገንኩ፣ መልስዎን ደመናው ከመመለሱ በፊት በተስፋ የምጠባበቅ፣ ግድግዳ ሳልደገፍ የጻፍኩልዎ አክባሪዎ፣

አገኘሁሽ በቃሉ
ከቀጠና ሦስት፣ ባምባሲ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በላስቲክ የለበጣችሁት በራሪ ወረቀት በከንቱ አልቀረም። እናቴ እኔ በሌለሁበት መነሣት ሲኖርባት ወረቀቱን በቀኝ መዳፏና በግድግዳው መካከል ይዛ፣ በእሱ ላይ እየዳበሰች እስከ በሩ ትሄዳለች። እንደማያድናት ደጋግሜ ነግሬያታለሁ፤ ሆኖም ከኮሚቴው እጇ ላይ የደረሰ ሌላ ነገር ስለሌለ ልትጥለው አልፈቀደችም። ስትመለስ ግድግዳው በግራዋ ስለሚሆን፣ ለግራ እጇ የሚሆን አንድ ተጨማሪ ቅጂ እንዲላክላት በአክብሮት ትጠይቃለች።