ሰው የማረጋጋት ሥራ

ሰኞ፣ ጥቅምት 8
እንደ ወትሮው ዋለ። ፈቃድ ጠያቂዎች... በፈረቃ ተራ የተጣሉ ሁለት ጥበቃዎችን ማስታረቅ... ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። የሆስፒታሉ ልብስ እጥበት ለውጭ ድርጅት ሊሰጥ ነው።
"የሰው ሀብት ኃላፊ ነሽ፤ ሠራተኛው ለውጡን እንዲቀበል ማድረግ የአንቺ ድርሻ ነው" አሉኝ።
"ሠራተኞቹስ?" አልኳቸው።
"ድርጅቱ ሁሉንም ይወስዳል። ብቻ አረጋጊያቸው።"
አክስቴ የምትሠራው እጥበት ክፍሉ ውስጥ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ በዚያ እንፋሎት ውስጥ ለፍታ ነው ያስተማረችኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 10
እጥበት ክፍል ወረድኩ። ማሽኖቹን አስጠፋሁ። ሴቶቹ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ከበቡኝ። "ማንም ከሥራው አይፈናቀልም" አልኳቸው።
ልብስ ተኳሿ፣ ምላሷ የማያርፈው፣ "እኛንም አጥባችሁ፣ አስጥታችሁ፣ አጥፋችሁ ነው የምታስረክቡን?" አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።
አክስቴ ግን አልሳቀችም። "ልጄ ካለች፣ አለች ነው" አለቻቸው።

እሑድ፣ ጥቅምት 14
ምሳ አክስቴ ቤት። ጎረቤቷ ሆቴል ውስጥ የእጥበት ሥራ አግኝታላታለች። የሆቴሉ ሰዎች ሌሎቹንም ከፈለጉ እንቀጥራለን ብለዋል። ቶሎ መልስ ይፈልጋሉ።
"ምን ትዪኛለሽ ልጄ?"
"ከለመድሽው ቦታ ምን አስነሳሽ? እኔ አለሁ አይደል?" አልኳት።
ጉልበቷን እያሻሸች "እሱስ ልክ ነሽ" አለች። ጓደኞቿንም እንዳይሄዱ እንደምትመክራቸው ነገረችኝ። ኮራሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ኮራሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 30
የድርጅቱ ሰዎች መጡ። ዕድሜ ጠየቁ። የረጠበ አንሶላ የሞላ ቅርጫት አስነሷቸው። አክስቴ አነሳችው... ስታስቀምጠው ወገቧን ያዘች። አዩዋት።
የሚወስዱት ወጣቶቹን ብቻ ነው።
ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ዘው አልኩ። "ሁሉንም ይወስዳሉ ብለውኝ ነበር እኮ!"
"እርግጠኛ አልነበርንም" አሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ። "ግን ይህን ብንነግራቸው ቀድመው ይበተኑ ነበር። አንሶላውን ማን ያጥብልን? ሥራሽን በደንብ ሠርተሻል።"
በደንብ ሠርተሻል... ለካ የፈለጉኝ ለዚህ ኖሯል። እነሱ እስኪጨርሱ ሰው እንዳይነቃነቅ እንድይዝላቸው። ያን እሑድ፣ ቆይ፣ አንድ ጊዜ ላጣራ ማለት ምን ነበረበት?

ረቡዕ፣ ኅዳር 1
ነገርኳቸው። ልብስ ተኳሿ አልቀለደችም። አክስቴ ቀና ብላ አላየችኝም፤ የጀመረችውን አንሶላ አጥፋ ጨረሰች።
ሆቴሉ ጋ ሄድኩ። ለመንኩ። "ባለፈው ሳምንት ሰው ቀጠርን" አሉኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 2
አክስቴ ቤት ሄድኩ። መብራቱ ይታያል። አንኳኳሁ፣ ጠራኋት... አልከፈተችም።

ሰኞ፣ ኅዳር 6
ድርጅቱ ያልወሰዳቸው ሴቶች የመጨረሻ ቀን። የመሰናበቻ ወረቀታቸውን ሊፈርሙ ተራ በተራ ቢሮዬ ገቡ። አንዳቸውም አልተሳደቡም። ቢሰድቡኝ ምናለ?
አክስቴ መጨረሻ ላይ ገባች። ልስማት ብድግ ስል ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።
"እኔ እኮ እውነት መስሎኝ..."
"አውቃለሁ" አለች። ቁጣ የለባትም። "ሌሎቹ ግን የእኔን አፍ አምነው ነው የቀሩት። እኔ ደግሞ ያንቺን። አሁን በምን ዓይኔ ልያቸው?"
ወረቀቷን ወደ እሷ ገፋሁላት። እስክሪብቶውን አነሳች።
"የት ላይ እንደምፈርም ያሳዩኝ።"
ያሳዩኝ... እኔን ነው። በሕይወቷ አንድ ቀን አንቱ ብላኝ አታውቅም። ቦታውን በጣቴ አሳየኋት። ፈረመች።
"እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ተነሳች። በሩንም እንደ እንግዳ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።