ኩለር የተከለከለበት ግድግዳ

ግንቦት 6

ጥፋቱ የቦንድሬ ነው። የሕንፃችን ማኅበር ጸሐፊ፣ ቫሳንት ቦንድሬ። የሌላ የማንም አይደለም።

ዛሬም እንደ ወትሮው። ሩዝና ምስር ቀቀልኩ። ናምዴቭን አጠብኩት፣ አገላበጥኩት። ባሌ ግራ ጎኑ ከሰለለ ወዲህ ከአልጋ አይወርድም። እኛ አምስተኛ ፎቅ ነን። ከላያችን ጣሪያው፣ ከጣሪያው በላይ የናግፑር ፀሐይ...

ኩለራችን ጥግ ላይ አቧራ ለብሷል። በየዓመቱ ከመስኮቱ ውጭ በብረት ማስቀመጫ ይሰቀል ነበር። ትልቅ የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ በሣር ምንጣፎቹ ላይ ውሃ ይወርዳል፣ ማራገቢያው የውጭውን ደረቅ ንዳድ ስቦ፣ አቀዝቅዞ ያስገባል። ዘንድሮ ሕንፃው ቀለም ተቀባና ደረጃው ሥር ማስታወቂያ ተለጠፈ። ራሴ አነበብኩት፤ ፊደል የቆጠርኩት በስድሳ ዓመቴ ነው። "ኩለር ግድግዳ ላይ መስቀል ክልክል ነው። ውሃው ቀለሙን ያበላሻል።"

ኤሲ አልተከለከለም። ቦንድሬ ሁለት አለው።

ግንቦት 9

ደረጃ ላይ አገኘሁት። ለመንኩት።

"እናቴ፣ ሕግ ሕግ ነው። ኤሲ ለምን አይገዙም?"

ኤሲ ግዙ... ቲማቲም ግዙ እንደማለት።

ለናምዴቭ ነገርኩት። በግማሽ ፊቱ ሳቀ። የሕንፃው ሴቶች ሰሞኑን የዓመቱን ፓፓድ፣ ስሱን የምስር ቂጣ፣ እየዳመጡ ጣሪያው ላይ ያሰጣሉ። "እኔንም ከፓፓዱ ጋር አስጪኝ፤ እስከ ማታ እደርቃለሁ" አለ።

አልሳቅኩም።

ግንቦት 13

ሞኝ! ሞኝ አሮጊት!

ኩለሩን ቤት ውስጥ አቆምኩት። ቦንድሬ ድምፁን ሰምቶ ይህንንም እንዳይከለክለኝ መስኮቱንም በሩንም ዘጋሁ። መጀመሪያ ቀዘቀዘ። ናምዴቭ "እሰይ" አለ። ከዚያ ቤቱ እንፋሎት ሆነ። ኩለር ደረቅ አየር ከውጭ ካላገኘ የራሱን እርጥበት ነው መልሶ የሚተፋው። እዚህ ከተማ ይህን የማያውቅ አለ? እኔስ አላውቅም? ቦንድሬን መፍራት አስረሳኝ።

ናምዴቭ ሊጠራኝ አፉን ከፈተ፣ ድምፅ አልወጣውም። ዓይኑ ተገለበጠ።

በሩን በርግጄ ጮህኩ። ከጣሪያው የምትወርድ ሴት ሮጣ ገባች። እጇ ሊጥ ነክቶታል። ማንዳኪኒ... የቦንድሬ ሚስት! ከሰው ሁሉ እሷ!

ምንም አልጠየቀችኝም። መስኮቱን ከፈተች፣ ኩለሩን አጠፋች፣ የሳሪዋን ጫፍ ውሃ ነክራ አንገቱ ላይ አደረገች። ወንዶች ጠርታ በአንሶላ አሸክማ ቤቷ አወረደችው። የራሷ አልጋ ላይ፣ ኤሲው ሥር! ሐኪሙ መጣ። "ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ..." አለ። ቀሪውን አልጽፈውም።

ግንቦት 15

ናምዴቭ ተመለሰ። ደካማ ነው፤ ግን ይናገራል። "የቦንድሬ አልጋ ይመቻል" ይላል።

ምሳ እንደበላን ማንዳኪኒ መጣች።

"ጊርጃ አካ፣ እዚህ ብቀመጥ ቅር ይልዎታል?"

አካ፣ ታላቅ እህቴ፣ ብላ ጠራችኝ፤ ወንበር ሰጠኋት። ከሰዓቱን ሙሉ ተቀመጠች። ላቧ በአገጯ ሲንጠባጠብ አልጠረገችውም።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"ዛሬ እንኳ ነፋስ አለ" አልኳት። ክፋቴ ነው። እውነትም ነው።

ተነስታ ወጣች። ምን ታደርጋለች? ባሏ አይደል? ከንፈር መጥጦ የሚሄድ ሰው ስንት አይቻለሁ...

ግንቦት 17

ናውታፓ ገባ፤ ዘጠኙ የንዳድ ቀናት።

ጠዋት የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። በመስኮት ጎንበስ አልኩ። ማንዳኪኒ ናት! በሳሎኗ መስኮት፣ በሕንፃው ፊት ለፊት፣ አዲሱ ቀለም ላይ የኩለር ብረት ታስመታለች። ቦንድሬ በፒጃማው ግቢው መሀል ቆሟል።

"አንቺ ሴት፣ አብደሻል? ኤሲ እያለን?"

"ኤሲህም ይንጠባጠባል። በጓሮ ዞረህ ግድግዳውን እየው።"

"ሰው ምን ይለኛል? ክልከላውን ያወጣሁት እኔ!"

"ታዲያ ሌላ ለጥፋ። 'ሚስቴ አስቸገረችኝ' በልና ለጥፍ።"

በየመስኮቱ ሳቅ ሆነ። ከሦስተኛ ፎቅ አንዷ፣ "ማንዳኪኒ እህቴ፣ ስትጨርሺ ሠራተኛውን ወደ እኔ ላኪው!" አለች።

"መጀመሪያ አምስተኛ ፎቅ" አለች ማንዳኪኒ። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ስንት ዓመት ኖርኩ... ባሏን በሰው ፊት እንዲህ የተጋፈጠች ሴት አላየሁም። ለራሷ ቢሆን ባልገረመኝ። እሷ እኮ ቤቷ ቀዝቃዛ ነው።

ግንቦት 18

ተሰቀለ። አዲስ የሣር ምንጣፍም አስገባንለት። እርጥብ ሥር ሥር ይሸታል። በሩን ከፍተን ተውነው፤ አየሩ ከመስኮት ገብቶ በበር ይወጣል። ናምዴቭ እያንኮራፋ ነው። እንዲህ ያማረ ማንኮራፋት!

ግንቦት 21

በሕንፃው ፊት ለፊት ስምንት ኩለር። ማስታወቂያውን ማን እንደገነጠለው አልታወቀም።

ማንዳኪኒ ከጣሪያ ስትወርድ ፓፓድ አመጣችልን። "እግዜር ያክብርሽ" ልላት አስቤ "ጨው በዝቶበታል" አልኳት። ሳቀች። ገብቷታል መሰለኝ።

ቦንድሬን ግን ይቅር አላልኩትም። ዛሬ በር ላይ አስቆመኝ።

"እናቴ፣ ዘንድሮ ዝም ብያለሁ። ለከርሞ ቀደም ብለው ማመልከቻ ያስገቡ፤ ኮሚቴው አይቶ ይፈቅድ ይሆናል።"

አየሁት። መንገዴን ቀጠልኩ።

አላስገባም። ለባሌ እስትንፋስ ከእንግዲህ ማንንም አልለምንም።